ስንዝር ከጋት

ሀብትነሽ የሰኔ ጭቃ ላይ ተንበርክካ የሞተር ብስክሌቱን ዱካ ትለካለች። የልጅ ልጇ ጌጥነሽ ከቆመችበት እስከ ዱካው መታጠፊያ ስንዝር ከጋት። አላመነችም፤ ደግማ ትለካለች። ያው ነው።

ሞተሩን የሚነዳው ሰው ከቡሬ በኩል እየበረረ ነው የመጣው። ሞተሩን ከጣሊያኖች ነጥቆ ወደ አርበኞቹ ሲሄድ፣ የእነሱ ፖሊሶች በካሚዮን ተከተሉት። ድልድዩ አፋፍ ሲደርስ ሕፃኗ መንገዱ መሀል ነበረች። ጨፍልቋት ቢያልፍ ያመልጥ ነበር። መሪውን ጠመዘዘ፤ የድልድዩ ድንጋይ ተቀበለው።

አሁን ሬሳው መንገዱ ዳር ተጋድሟል። አንገቱ ላይ ማተብ አለ፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ለተሰበሰበው ሰው፣ ዘመድ ካለው ዘመዱ ይውሰደው፣ ከሌለው ጅጋ ገበያ ላይ ይሰቀላል ብሏል። ዘመድ ነኝ ያለ ሰው ቤቱ እንደሚቃጠል ሁሉም ያውቃል። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል።

ሀብትነሽ ልጅቷን እንደገና ትዳስሳለች፤ ጉልበቷን፣ ክርኗን፣ የራስ ቅሏን። ከጠዋት ጀምሮ ከመንገዱ ራቂ ስትላት አፏ ደርቋል። ጎረቤቷ ደስታነሽ ጠጋ ብላ፣ ተዪው፣ ሕፃን አለብሽ ትላታለች በሹክሹክታ።

ሕፃኗ የተረፈችላትስ በማን ሆነና።

ተነሥታ ጭቃውን በቀሚሷ ትጠርጋለች። «ልጄ ነው» ትላለች።

አስተርጓሚው የአገር ሰው ነው፤ አነጋገሩ ያስታውቃል። ጠጋ ብሎ ያያታል። «እሜቴ፣ አስበውበታል? ማን ይባላል?»

ከሠላሳ ዓመት በፊት ፈንጣጣ አንድ ወንድ ልጅ ወስዶባታል። ቢኖር ይህን ያህል ይሆን ነበር።

«ገደፋው። ክርስትና ስሙ ወልደ ጊዮርጊስ።»

አስተርጓሚው ወደ ጣሊያኑ አለቃ ዞሮ ጥቂት ይናገራል፤ ከዚያ ጣቱን ጆሮ ግንዱ ላይ ያሽከረክራል። ያበደች አሮጊት ናት ማለቱ ነው። ጣሊያኑ ስቆ እጁን ያወናጭፋል። ካሚዮኑ ሞተሩን ጭኖ፣ ሬሳውን ትቶ ይሄዳል። አስተርጓሚው ከላይ ሆኖ ዞር ሲል ሀብትነሽ እጅ ትነሣዋለች፤ እሱ ግን ያላየ መስሎ ፊቱን ይመልሳል።

የመንደሩ ወንዶች ሬሳውን በቃሬዛ አንሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያቀናሉ። ቄሱ ፍትሐቱን ጀምረው «ወልደ ጊዮርጊስ» ሲሉ፣ ሀብትነሽ እንደ እናት ታለቅሳለች። ግራ እጇ ጌጥነሽን ጨብጧል። ቀኝ እጇ ቃሬዛው ላይ ነው፤ ጣቶቿ አሁንም ስንዝር እንደሚለካ ሰው ተዘርግተዋል።