የስቫልባርድ ፀሐይ

«አይ፣ እዚያ አይደለም። መስኮቱ ጋ፤ ፀሐይዋ ያለችበት» አሉ አቶ ደበሳይ፣ ሊሊ የሳበችላቸውን ወንበር አልፈው እየሄዱ። አርባ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የታኅሣሥን ብርድ እንደ ግል ጠላት ነው የሚያዩት። ሊሊ ወንበሩን መልሳ አስገብታ አባቷን ተከተለች።

ስልኳ እጇ ውስጥ ነዘረ። አክስቷ ምብራት ናት። «ገና ለገጣፎ ነን። አቆዪልን።»

ወንድሟ መሓሪ ከሞተ አስር ቀኑ ነው። በሰሜን ዋልታ ጥግ፣ ስቫልባርድ በሚባሉት ደሴቶች፣ የሆቴል ወጥ ቤት ይሠራ ነበር። ዘንድሮ በወጉ ያልረጋ የባሕር በረዶ ላይ በበረዶ ሞተር ሲያልፍ ከሥሩ ተደረመሰበት። ከአባቱ በቀር የማያውቅ የለም። ልባቸው ደካማ ስለሆነ መርዶው ነገ ንጋት ላይ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባታቸው ባሉበት እንዲነገራቸው ተቆርጧል። ስልካቸውን «ለጥገና ሰጥቼዋለሁ» ብላ የደበቀችው ሊሊ ናት። ዛሬም ከመቀሌ የሚመጡት ዘመዶች ሳይታዩ ጎረቤት ቤት እስኪገቡ፣ አባቷን ከአፍንጮ በር ቤታቸው አውጥታ ፒያሳ ያመጣቻቸው እሷው ናት።

«ጋሽ ዋልታ!» አለች አስተናጋጇ ሲሀም፤ ተማሪዎቻቸው ያወጡላቸው ስም ነው። «የዋልታው ብርድ ዛሬ ስንት ገባ? እንደ ዶላሩ ጨመረ?»

«ይቺ ልጅ ስልኬን ወስዳብኝ ከዓለም ተቆርጫለሁ። በይ ስፕሪስ አምጪልኝ፤ ሻዩ በዛ ይበል።»

ሊሊ እግሯን ጠረጴዛው ሥር ታወዛውዛለች። አባቷ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ሶፍቱ ላይ ክብ ሣሉ፤ በክቡ መሐል ዘንበል ያለ መስመር አሰመሩ።

«ልጄ ያለው እዚህ አናቱ ላይ ነው» አሏት ለሲሀም። «መሬቱ እስከ ታች በብርድ የረጋ ነው። ቤቱን በግንድ ላይ ነው የሚያቆሙት፣ ሙቀቱ መሬቱን እንዳያቀልጠው።»

«ጉድጓድም አይቆፈርም?»

«ማን ይቆፍረዋል? ድንጋይ ነው እኮ። ቆፍረሽ የቀበርሽውንም ውሎ አድሮ ወደ ላይ ይገፋዋል።»

«ኧረ እኔ ፍሪጅ ስከፍት ራሱ ያስነጥሰኛል!» ሲሀም እየሳቀች ወደ ባንኮኒው ሄደች።

ሊሊም ልትስቅ ሞከረች። አልሆነላትም።

አባቷ የክቡን አናት በእስክሪብቶ እያጠቆሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «መሓሪ ይህን ያህል ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም» አሉ። «በአንቺ ስልክ ደውዪልኝ።»

«ኔትወርኩ አስቸግሯል መሰለኝ፣ አባዬ።»

«የእነሱ ኔትወርክ? በባሕር ሥር በገመድ ነው የሚሄደው፤ ከእኛ ይሻላል። ደውዪ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ሊሊ ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው።

«ዛሬ ጠዋት ጽፎልኛል እኮ! ረስቼው።» ይህን ልትል አላሰበችም።

«ምን አለ?»

«ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ሌላስ?»

በመስኮቱ አሻግራ አየች። በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት የሚወርዱት ታክሲዎች ጣራ ያብለጨልጫል። «በጣም ደስ የምትል ፀሐይ ወጥታልን፣ ውጭ ቁጭ ብለን ሞቅን አለ። አባዬን አስቀኚልኝ አለ» ስትል ለአፍታ ደስ አላት። ልክ የመሓሪን አነጋገር ነበር የሚመስለው።

እስክሪብቶው ቆመ።

አባቷ አላዩአትም። ያጠቆሩትን የክቡን አናት ነው የሚያዩት። ያኔ ሊሊም ስሕተቷን አየችው። እሷና መሓሪ ልጆች ሳሉ አባቷ ብርቱካን በሻማ ዙሪያ እያዞሩ፣ መሓሪ ከሄደ በኋላ ደግሞ በየታኅሣሡ ለጎረቤቱ ሁሉ ያስረዱት ነገር ነው። እዚያ ፀሐይ በጥቅምት ከጠለቀች እስከ የካቲት አትወጣም። መሓሪ በቀትር ፎቶ ሲነሣ እንኳ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ ነው።

«ማለቴ... አባዬ፣ ፎቶውን ነው ያየሁት፣ የድሮ...»

ስልኩ ጭኗ ላይ ነዘረ። «ገብተናል። አምጪያቸው።»

«ምብራት ናት? ከመቀሌ መጥታለች?» አሉ።

ሊሊ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

አባቷ እስክሪብቷቸውን ገጥመው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ክፍል ውስጥ እንደሚጠይቁት ባለ ድምፅ፣ «እዚያ መሬቱ አይቆፈርም» አሉ። «የት አደረጉት?»

«እየመጣ ነው፣ አባዬ። ነገ ማታ ይገባል።»

መልሱ ትክክል እንደሆነ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዳወቅሁ ለምብራት አትንገሪያት። ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው እሷ ልትነግረኝ ነው። ነገ ትንገረኝ።»

«ልብዎ...»

«ተይኝ እስቲ፣ ልጄ።»

ሲሀም ስፕሪሱን አምጥታ ፊታቸው አኖረች። «ይኸው ጋሽ ዋልታ፤ ከነእሳቱ!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ብርጭቆውን አልነኩትም። ተነሥተው ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና ከፀሐይዋ አውጥተው፣ ከግድግዳው ጥግ ጥላው ውስጥ አስገብተው ተቀመጡ።