በክር የጠበበው ቀለበት

በክፍል ውስጥ የሚነበበው ልቦለድ ባለታሪክ ሀብታም እጮኛዋን «ትምህርቴን ልጨርስ፣ ቆየኝ» ስትለው መምህርቷ መጽሐፉን ዘጉ። «ደግ አደረገች የምትሉ ወደ በሩ፣ ተጃጃለች የምትሉ ወደ መስኮቱ» አሉ። ክፍሉ እየተንጋጋ የበቆሎ እርሻ ወደሚታይበት መስኮት ሄደ፤ ዌንደልም ከፊት ነበር። ወደ በሩ የሄደችው ሎሬታ ብቻ ነበረች፤ ባለፈው ሳምንት ዌንደል የፍቅራቸው ምልክት እንዲሆን የትምህርት ቤት ቀለበቱን አውልቆ ያጠለቀላት ፍቅረኛው።

«ዌንደል፣ ጉድህ ፈላ!» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ።

ሎሬታ እጇን ከፍ አደረገች። ሰፊው የወንድ ቀለበት ወልቆ እንዳይጠፋባት የፍቅረኛቸውን ቀለበት እንዳጠለቁት ሌሎች ልጃገረዶች ሰማያዊ የሱፍ ክር ጠምጥማበታለች። «እወደዋለሁ፤ አላወልቀውም» አለች፣ ዌንደልን ትክ ብላ እያየች። «ግን ትምህርቴን ጨርሼ ጣቴ እስኪሞላው ድረስ ክሩ ይቆያል።»

ዌንደል ዓይኑን ከእሷ መንቀል አቃተው። የጓደኞቹን ፉጨት ከኋላው ትቶ ክፍሉን አቋረጠና አጠገቧ ቆመ።

«ክሩ ካለቀ ሌላ አመጣልሻለሁ» አላት።