የሰው ለቅሶ

አማቱ የሞተችበትን የሥራ ባልደረባውን ለቅሶ ሊደርስ የወጣው ሰው፣ በማያውቀው ሰፈር ዝናብ ሲያጣድፈው ካየው ድንኳን አንገቱን ደፍቶ ገባ። አግዳሚው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ባልደረባውን በዓይኑ ቢፈልግ አጣው። ድንኳን ተሳስቷል።

ለቅሶ ቤት ገብተው ሳያለቅሱ መውጣት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሰው በሰው ለቅሶ እንደሚያደርገው የራሱን ሟች አስታወሰ፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከጦር ግንባር ሳይመለስ የቀረውን፣ ሬሳው ሳይገኝ እርሙን ያወጡለትን ታላቅ ወንድሙን።

«አላምረው! ወንድሜ፣ አላምረው!»

ጥቁር የለበሰችው የሟች ሚስት ተነሥታ መጥታ ከእግሩ ሥር ተንበረከከች።

«ጋሼ» አለችው በሹክሹክታ፣ «ባሌን አገር የሚያውቀው በለጠ ብሎ ነው። እውነተኛ ስሜ አላምረው ነው ያለኝ ትናንት ሲያጣጥር ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ለእርስዎ ማን ነገረዎት?»

ሰውየው ቀና ብሎ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ፀጉሩን ሽበት ወሮታል። ከሽበቱ ሥር፣ ግንባሩ ላይ፣ በልጅነታቸው እሱ ራሱ በድንጋይ የፈነከተበት ጠባሳ አለ።