ቀጣይ ቀጠሮ

ነርሷ የክትባት ካርዱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ "ቀጣይ ቀጠሮ" ከሚለው ፊት ለፊት የውሸት ቀን ጻፈች። ውጭ ሾፌሩ የሕፃናት ሚዛኑን መኪናው ላይ እየጫነ ነበር። ጤና ጣቢያውን የሚያሠራው ድርጅት ከዛሬ በኋላ እዚህ አይሠራም፤ ይህን ለመናገር ግን አፏ እሺ አላላትም።

እናትየው ልጇን እንዳዘለች ካርዱን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና አራት ወሯ ነው፤ ያስቆጠረቻትም ይህችው ነርስ ናት፣ እዚሁ ክፍል፣ ከሥራ በኋላ።

"ሐሙስ፣ አሥራ ሁለት!" አለች። "አዩ ሲስተር፣ ከእንግዲህ ቀጠሮዬን ሰው ደጅ ሄጄ አላስነብብም።"

"ጎበዝ!" አለቻት ነርሷ፣ ከአንገት በላይ ስቃ።

እናትየው ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ፊት ቆመች። ዋናው ቢሮ ለጥፊ ስላላት ነርሷ ጠዋት የለጠፈችው ነው፤ እዚህ ማን ያነበዋል ብላ።

"ጤ… ና… ጣ… ቢ… ያ… ው…" አለች እናትየው፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ እያስኬደች። "ተ… ዘ… ግ…"

ጣቷ "ቷ" ላይ ቆመ። እንደ ትምህርቱ ሰዓት ፈገግ ብላ ወደ ነርሷ ዞረች።

"ሲስተር፣ እቺ ፊደል ጋ ገና አልደረስንም አይደል?"