ይነሳ ወይስ ይቆይ

መምህራኑ በአንድ ክፍል ዘጠና ተማሪ አናስተምርም ብለው ሥራ ካቆሙ አምስተኛ ሳምንታቸው ነው። ያስተባበራቸው የትምህርት ቤቱ የመምህራን ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የወላጆች ኮሚቴ ሰባት ሆኖ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰበሰበና እሱን አስጠራው። ከትምህርት ቤቱ ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

"የምትለው አለህ?" አሉት ሰብሳቢው አቶ ድንቁ።

"ዘጠና ልጅ ማስተማር አይቻልም። ስማቸውን እንኳ አላውቀውም።"

"እኛ እናውቀዋለን" አሉ አቶ ድንቁ ቀስ ብለው። "አምስት ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ነው የዋሉት።"

እጅ ወጣ። ሦስት ወላጆች ይቆይ አሉ፤ ሦስቱ ይነሳ አሉ። የቀሩት ቃለ ጉባኤ የሚይዙት ወይዘሮ አስካለ ብቻ ነበሩ። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና መምህሩን ሳያዩ፣ "ይነሳ" አሉ። ከዚያ እስክሪብቶውን መልሰው አንስተው የራሳቸውን ድምፅ መዘገቡ።

የኮሚቴው አባላት መምህሩ ይናደዳል ብለው ጠብቀው ነበር። እሱ ግን አልተናደደም። ውሳኔው ላይ ፈረመ፤ የማኅበሩን ቢሮ ቁልፍ ለአቶ ድንቁ አስረከበና ወጣ።

በሩ ላይ ቆሞ ወይዘሮ አስካለን ጠበቃቸው። ሲወጡ ቦርሳቸውን ተቀብሏቸው ጎን ለጎን ሄዱ። አስፋልቱን ሲሻገሩ፣

"ሰኞ ትምህርት ከተጀመረ ልጃችንን ማን ያደርሳታል?" አላት።

"እኔ አደርሳታለሁ" አለችው ሚስቱ።