ላላ ያለ ሽቦ

ቴክኒሻኑ የላንድክሩዘሩን የመገናኛ ሬዲዮ ገጥሞ አንቴናውን ሲያስር ሹፌሩ ጠጋ አለው። ለመስክ በወጣ ቁጥር ሹልክ ብሎ መተሐራ ያለች እጮኛውን ሳያይ አይመለስም። ከእንግዲህ ግን በአዲሱ መመሪያ አለቃው ከቢሮ ሳይወጡ «የት ደረስክ?» እያሉ በየሰዓቱ ሊጠሩት ነው።

«ወንድሜ፣ እንዳይሰማ ሽቦውን ትንሽ ላላ አድርግልኝ።»

ቴክኒሻኑ ፈገግ ብሎ አጎነበሰ። ሲጨርስ ሹፌሩ መነጋገሪያውን አንስቶ ወደ ቢሮ ተጣራ። ደግሞ ተጣራ። መልስ የለም።

«እጅህ ይባረክ። የቱን ነው ያላላኸው?»

«ያንተንማ ጥብቅ አድርጌ ነው ያሰርኩት» አለ ቴክኒሻኑ ፒንሳውን ወደ ሳጥኑ እየመለሰ። «ትናንት የቢሮውን ስተክል ግን አለቃህ ይህንኑ ቀድመውህ ለመኑኝ።»