ባለ ጠረጴዛው የስፌት መኪና

አማትና ምራት ወደ ሱቁ የገቡት እየተጣሉ ነው። በእርግጥ የምትጣላው አንደኛዋ ብቻ ናት፤ ምራቲቱ አንገቷን ደፍታ ትከተላለች።

«ልጄ እዚህ ቀብድ ከፍሏል» አለች አማቲቱ ሰላም እንኳ ሳትል። «በቀብዱ ልክ የሚገኝ የስፌት መኪና አሳዪን። ዛሬውኑ ይዘነው የምንሄድ።»

ሻጯ ልጁን አልረሳችውም። ባለፈው ሳምንት ሚስቱን አስከትሎ መጥቶ ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ሰው አክባሪ። ለሚስቱም ከሱቁ ውስጥ በዋጋ አንደኛውን መረጠላት፤ ባለ ብረት ጠረጴዛውን፣ ወፍራም ጂንስ አጣጥፈው ቢሰጡት የማይማረረውን፣ አራት ጎረምሳ ካልተሸከመው ከቦታው ንቅንቅ የማይለውን። «ቤቷ ቁጭ ብላ እንድትሰፋ ብዬ ነው» አለና ቀብዱን ከፍሎ፣ ስልክ ቁጥሩን ትቶ ሄደ። ሻጯ የዚያን ቀን ቤቷ ስትገባ የራሷን ባል ያለወትሮዋ ገላመጠችው።

«እማማ፣ ልጅዎ የመረጠላት እኮ ያኛውን ነው» አለች አሁን በጣቷ እያሳየች።

«እሱ ሐውልት ነው። ሌላ አምጪ።»

ልጇ ለሚስቱ ያወጣው ገንዘብ አንጀቷን እንዳሳረራት ግልጽ ነበር። ሻጯ ጥርሷን ነክሳ ርካሹን አወረደች። ሰውነቱ ፕላስቲክ ነው፤ መጋረጃና የትራስ ልብስ መስፋት ለምትጀምር ሴት አይከፋም። አማቲቱ ከቦርሳዋ የጂንስ ቁራጭ አወጣች፣ አጠፈችው፣ መርፌው ሥር ከተተችው። መኪናው አቃሰተ፣ ሁለት ጊዜ ዘለለ፣ መርፌው ጠመመ።

«ይሄ መጫወቻ ነው» አለች። «በዚህ ሰፍቶ ማን ሆዱን ይሞላል?»

ሻጯ ነገሩ ገባት። ምራቷን ደመወዝ የሌላት ሰፊ ልታደርጋት ነው። በልጅቷ ጉልበት ልትጦር።

መካከለኛው ቀረበ። ዋጋው የባለ ጠረጴዛውን ግማሽ አይሞላም። ውስጡ ብረት ነው፤ መብራት ሲጠፋ መዘውሩን በእጅ እያዞሩ መስፋት ይቻላል፤ መያዣ ካለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ጂንሱን ቀስ እያለ፣ ግን ሳይዘል ሰፋው። አማቲቱ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር ፈተገችው፣ ጎተተችው። አላመሰገነችም።

«ድምፁ ጎረቤት ይረብሻል?»

«ኧረ የለም፣ እማማ።»

«ሳጥኑ ውስጥ ክተቺው።» ወደ ምራቷ ዞረች። «አንሺው።»

ልጅቷ ቀኝ እጇን ዘረጋች። አንጓዋ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ መያዣውን ስትጨብጥ ፊቷ ተጨማደደ።

«በግራሽ። ቀኝሽ እንደማይሆን አታውቂም?»

በግራዋ አነሳችው።

«እስከ በሩ ሂጂ። ተመለሺ። አሁንም ሂጂ።»

ምስኪኗ እንደ ጭነት ከብት ተመላለሰች። የሻጯ ደም ፈላ። በሦስተኛው ምልልስ ላይ የልጅቷ ሻሽ ተንሸራተተ፤ አንገቷ ላይ የጠቆረ ነገር ታየ። አማቲቱ ፈጥና ሻሹን መልሳ ሸፈነችው።

«ምን ታያለሽ? ሥራሽን ሥሪ» አለች ሻጯን።

ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልቀረም። ሻጯ ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት የምትል ሴት አልነበረችም፤ ግን ሰው ሲበደል እያየች እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆነላትም። አማቲቱ የሳጥኑን ማጠፊያ እየነቀነቀች ስትመረምር ወደ ልጅቷ ተጠጋች።

«እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ባልሽ ያውቃል?»

ልጅቷ ወደ በሩ አየች። «አያውቅም። በናትሽ እንዳትነግሪው።»

አንጀቷን በላቻት። አማቷን እንዲህ እስክትፈራ ድረስ ምን ብታደርጋት ነው?

«መለዋወጫ መርፌ ከጓዳ ላምጣላችሁ» አለችና ገባች። በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ባልየው ደወለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በቤተሰብ መሃል መግባቴ አይደለም። እናትዎ ሚስትዎን ይዘዋት መጥተዋል። የመረጡላትን ትተው ረከስ ያለውን ሊያሸክሟት ነው። ልጅቷም ተጎድታለች፤ ቢያዩዋት ይሻላል።»

«አመሰግናለሁ፣ እህቴ» አለ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «ቅርብ ነኝ። እስክመጣ ብቻ አቆይልኝ።»

ሻጯ ማቆየቱን አወቀችበት። መርፌውን በቁጥር በቁጥር ለየች። የዘይቱ ብልቃጥ ጠፋት፤ ከዚያ ተገኘ። የላይኛው ክር በየት በየት እንደሚያልፍ አስረዳች፤ ከዚያም የታችኛውን ክር አጠማጠም ጀመረች።

«ስንሰፋ ኖረናል፣ ታውቀዋለች» አለች አማቲቱ። «ቸኩለናል።»

«ጋራንቲውን ልጻፍልዎት፣ እማማ።»

«ተይው ጋራንቲውን።»

«እማዬ፣ እንሂድ» አለች ልጅቷ ሳጥኑን በግራዋ አንስታ፣ በተሰበረ ድምፅ። ይህም ሁሉ ሆኖ እማዬ ትላታለች። የሻጯ ዓይን እንባ አቀረረ።

በሩ ተከፈተ። ሸሚዙ ዛሬም የተተኮሰ ነው። ለሻጯ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ በሩን ከኋላው ዘጋ። ሻጯ ከልቧ እፎይ አለች።

«አይዞሽ፣ መጣልሽ» አለቻት ልጅቷን።

ልጅቷ ሳጥኑን ጥላ ሮጠችና ከአማቷ ጀርባ ተሸሸገች።